ስለ ተሽከርካሪ ወንበርና ስለ ጠጋኙ ሥራ

ስጦታ ሁሉ ጠባቂ ይፈልጋል። አንድ ሰው ለችግረኛ ጎረቤቱ የሚያርስበት በሬ ቢሰጠው መልካም አደረገ ይባላል፤ ነገር ግን ለበሬው ሣርና ውሃ የሚያቀርብለት ባይኖር፣ ስጦታው ጥቂት ወር ሳይቈይ ኀዘን ይሆናል። እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው የሚሰጠው ተሽከርካሪ ወንበርም እንዲሁ ነው። ወንበሩ በተሰጠበት ቀን ደስታ ይሆናል፤ ጎማው በተነፈሰበትና ብሎኑ በወለቀበት ቀን ግን የሚጠግነው ካልተገኘ፣ ያ ሰው ወደ ቀድሞው የቤቱ ጥግ ይመለሳል፤ ወንበሩም ከአጥር ሥር ወድቆ ዶሮ ይሰፍርበታል።

ይህ ጉዳይ የገጠርን ትምህርት ቤት የሚመለከተው ስለ ሦስት ምክንያት ነው። 1ኛ፤ እግሩ የማይሄድለት ልጅ ከትምህርት ቤት የሚደርሰው መሣሪያው ሲሠራ ብቻ ነው። 2ኛ፤ ጠጋኝ ከከተማ እስኪመጣ ድረስ፣ አይቶና መርምሮ ጉድለቱን ለመለየት የሚችለው በቅርብ ያለው የተማረ ሰው መምህሩ ነው። 3ኛ፤ ሕዝቡ የሽማግሌዎቹን ቃል ስለሚሰማ፣ እነርሱ ያከበሩት ሥራ ይከበራል፤ እነርሱ የናቁትም ይናቃል።

የአካል ጉዳተኛ መሣሪያ ሲባል ብዙ ዓይነት ነው። ሕዝቡ ዊልቸር የሚለው ተሽከርካሪ ወንበር አለ፤ በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት አለ፤ በብብት የሚያዝ ክራንች አለ፤ በጉልበት ወይም በጭን ላይ የሚታሰር ሰው ሠራሽ እግር አለ፤ የደከመ እግርን አጽንቶ የሚይዝ የብረትና የፕላስቲክ ድጋፍም አለ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም በየቀኑ ስለሚሠሩ በየቀኑ ያልቃሉ።

ተክለ ሃይማኖት፤ በሆስፒታልና በገበያ መካከል

በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ ክፍለ ከተማ ተክለ ሃይማኖት የሚባል ሠፈር አለ። ስሙንም ያገኘው በዚያ ከተተከለው ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው ጻድቁ በጸሎት ብዙ ዘመን ከመቆም የተነሣ አንድ እግራቸው ተሰብሮ 7 ዓመት በአንድ እግራቸው ቆሙ፤ ሠዓሊዎችም ዘወትር የሚሥሏቸው በአንድ እግራቸው ቆመው ነው። እንግዲህ ስለ እግር ጉድለት የሚነገር ነገር ከዚህ ሠፈር ቢጀምር ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህ ሠፈር የሚነሣ ሰው በአንድ ወገን ወደ መርካቶ፣ በሌላው ወገን ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይደርሳል። ጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማስተማሪያ ሆስፒታል ሲሆን፣ አጥንቱ የተሰበረና እግሩ የተቈረጠ ሕመምተኛ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል ወደዚያ ይላካል። መርካቶም ታላቅ የንግድና የእጅ ሥራ ስፍራ ነው፤ በተለይ ምን አለሽ ተራ በሚባለው ክፍሉ አሮጌ ብረት ሁሉ ተመትቶና ተበይዶ አዲስ ዕቃ ይሆናል። በዚያው በልደታ በኩል በኢጣልያ ወረራ ማግሥት የተመሠረተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት አለ፤ ብዙ የአገራችን መካኒኮችና የብረት ሠራተኞች የተማሩት በርሱ ነው።

ሕመምተኛው ከሆስፒታሉ በር አዲስ ክራንች ይዞ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ይወጣል። ለወንበሩ የሚያስፈልገው ብሎን፣ ኩሽኔታና ጎማ ደግሞ በመርካቶ ይሸጣል። ነገር ግን ሐኪሙ የብሎንን ቍጥር አያውቅም፤ ነጋዴውም የሕመምተኛውን ሰውነት አያውቅም። ሁለቱን አውቆ የሚያገናኛቸው የመሣሪያው ጠጋኝ ነው። የጠጋኙ ሙያ ከዚህ የተነሣ ግማሹ ከአንጥረኛ፣ ግማሹ ከሐኪም የሚዛመድ ሆነ።

በከተማ ሁለቱ ስፍራዎች በእግር መንገድ ይገናኛሉ። በባላገር ግን ሆስፒታሉም ገበያውም ሩቅ ስለ ሆነ፣ አንዲት ብሎን የጠፋችበት ሰው እርስዋን ፍለጋ የሁለት ቀን መንገድ ሰው ይልካል፤ የሚላክ ሰው ያጣ እንደ ሆነም መሣሪያውን ይተዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ሁሉ ይህን ችግር ለማቃለል ነው።

መሣሪያው ከየት እንደ መጣ

መንኰራኵር ያለው ወንበር አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1655 በጀርመን አገር እስቴፋን ፋርፍለር የሚባል የሰዓት ሠራተኛ እግሩ የማይሄድለት ሰው ስለ ነበረ፣ በሰዓት ውስጥ እንዳሉት ባሉ ጥርሶች የሚዞርና በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት መንኰራኵር ወንበር ለራሱ ሠራ። ዛሬ በከተሞቻችን መንገድ የሚታየው በእጅ የሚዘወረው ብስክሌት የዚያ ልጅ ነው ለማለት ይቻላል።

በ1933 ደግሞ፣ ይህም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፣ በአሜሪካ ኸርበርት ኤቨረስትና ሃሪ ጄኒንግስ የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች ከቀጭን የብረት ቧንቧ የሚታጠፍ ወንበር ሠሩ። ኤቨረስት በማዕድን ጕድጓድ አደጋ ጀርባው የተሰበረ ሰው ነበረ። በየሆስፒታሉ የሚገኘው ታጣፊ ወንበር የዚህ ሥራ ተወላጅ ነው። ሆኖም ይህ ዓይነት ወንበር የተሠራው ለለሰለሰ ወለልና ለአስፋልት መንገድ ነውና፣ በጭቃና በኰረት ላይ ሲሄድ ቶሎ ይጐዳል።

ይህን ጉድለት የተመለከተው ራልፍ ሆችኪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እርሱም በ1966 ከሞተር ብስክሌት ወድቆ እግሩ ሽባ የሆነ ሰው ነው። በ1980 ወደ ኒካራጓ ሄዶ በዚያ ካሉ አካል ጉዳተኞች ጋራ ከመከረ በኋላ፣ በየአገሩ ባለ ብረትና በብስክሌት ዕቃ የሚሠራ፣ በየመንደሩም ሊጠገን የሚችል ጠንካራ ወንበር አወጣ። አሳቡም ይህ ነው፤ በቅርብ ባለ ሰው ሊጠገን የማይችል ወንበር ለድኻ አገር አይስማማም።

እነዚህ ሦስት ታሪኮች አንድ ነገር ያስተምራሉ። በሦስቱም ሥራ ዋና የነበረው በጉዳቱ የደረሰበት ሰው ነው። ስለዚህ ጥሩ ጠጋኝ ሥራውን የሚጀምረው የወንበሩን ባለቤት ቃል በመስማት ነው።

በአገራችን የተደረገው

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 በልጅነት ልምሻ እግራቸው ለተጐዳ ሕፃናት ርዳታ የሚሰጠው የቼሻየር ድርጅት በኢትዮጵያ ተመሠረተ፤ በመናገሻም የሕክምናና የማገገሚያ ስፍራ አለው። በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ከማከሙ ጋራ ለተጐዳ እግር የሚስማማ ጫማና ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ክፍል አበጀ። በ1979 ደግሞ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በኢትዮጵያ ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ርዳታ ጀመረ። ከዚህም በኋላ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ርካሽና ጠንካራ ፕላስቲክ ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ተስፋፋ፤ ይህንም ሙያ ለመማር ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሳይቀር ባለሙያዎች ወደ አዲስ አበባ መጥተዋል። በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በመቀሌ፣ በአርባ ምንጭና በሌሎችም ከተሞች የአካል ማገገሚያ ማዕከሎች ተቋቁመዋል።

ሕጉም ከዚህ አልራቀም። የተባበሩት መንግሥታት በ1999 ዓ.ም. ያወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ 20ኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኛ በተቻለ መጠን ራሱን ችሎ እንዲንቀሳቀስ፣ መሣሪያውንም በሚችለው ዋጋ እንዲያገኝ ያዝዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቍጥር 624 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መንቀሳቀሻ እንዲኖራቸው ደንግጓል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 (በአውሮፓ አቈጣጠር) እንደ ገመተው ከ100 ሰው 1 ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ያስፈልገዋል። በዚህ ሒሳብ 5,000 ነዋሪ ባለበት ቀበሌ 50 ሰዎች ይገኛሉ ማለት ነው። ይኸው ድርጅት ከዩኒሴፍ ጋራ በ2022 ባወጣው መግለጫ፣ መነጽርና የጆሮ መሣሪያ ሳይቀር፣ አጋዥ መሣሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በዓለም ከ2.5 ቢሊዮን በላይ መሆናቸውን፣ ከነዚህም ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉት እንደማያገኙ ገልጿል። በአንዳንድ ድኻ አገሮች ከሚያስፈልጋቸው ከ100 ሰዎች የሚያገኙት 3 ብቻ ናቸው። ሦስት ብቻ ባሉበት አገር የአንዱ ወንበር በጥገና ማጣት ቢወድቅ ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ አስተዋይ ሁሉ ይመዝነዋል።

መሣሪያው የሚበላሽበት ምክንያት

ወንበሩ ከሰው ቤት ሲደርስ የሚያገኘው መንገድ ድንጋይ፣ ደረጃና ጭቃ ነው። በበጋ ትቢያ ከኩሽኔታው ይገባና ግራሶውን እንደ አሸዋ ወፍጮ ያደርገዋል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ብረቱን ያዝገዋል። ከውጭ አገር በርዳታ የሚመጡት ወንበሮች ሥሪታቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም፤ የጎማቸውም መጠን አንዳንድ ጊዜ በገበያ አይገኝም። ባለ ሦስት ጎማው ብስክሌት ለባለቤቱ እግርም ሱቅም ስለሚሆን፣ በሰው ክብደት ላይ የሸቀጥ ክብደት ይጨመርበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጐዳው ግን ትንሹን ጉድለት መናቅ ነው። ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። የብዙ ተሽከርካሪ ወንበር ፍሬን የሚሠራው ከጎማው ላይ ተጭኖ በመያዝ ነው። ጎማው አየር ሲያንሰው ይሸሻል፤ ፍሬኑም የሚይዘው ነገር ያጣል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ፍሬኑን ይዣለሁ ብሎ ከወንበሩ ወደ አልጋው ለመሻገር ሲነሣ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሰውዬውም ይወድቃል። ያያቸው ሰዎች ፍሬኑ ተበላሽቷል ይላሉ። ፍሬኑ ግን ጤነኛ ነው፤ የጎደለው በጥቂት ገንዘብ በጎሚስታ ዘንድ የሚሞላ አየር ነው።

ሁለተኛውና የሚያስፈራው ጉድለት የመቀመጫው ነው። የጀርባ አጥንታቸው የተጐዳ ብዙ ሰዎች ከወገባቸው በታች ሕመም አይሰማቸውም። የመቀመጫው ጨርቅ ሲረግብና ትራሱ ሲሳሳ የሰውየው አጥንት ሥጋውን በወንበሩ ላይ ይጫነዋል፤ ደምም ወደዚያ ስፍራ አይደርስም። ቆዳው በመጀመሪያ ይቀላል ወይም ይጠቍራል፤ ቀጥሎ ይቈስላል፤ ቍስሉም እስከ አጥንት ይዘልቃል። ሕመሙ ስለማይሰማው ባለቤቱ የሚያውቀው ከዘገየ በኋላ ነው፤ ቍስሉም መርዞ ሊገድለው ይችላል። እነሆ የተቀደደ ትራስ የሚያስከትለው ይህን ያህል ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ጠጋኝ ከጎማው አስቀድሞ እጁን ከመቀመጫው ሥር አግብቶ ይመረምራል።

የጠጋኙ ሥራ አካሄድ

የሕክምና መሣሪያ መሐንዲሶች በጅማና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ይሠለጥናሉ። ከጥገና ሠራተኞች መካከል ደግሞ አንዳንዱ በማገገሚያ ማዕከል ተቀምጦ ይሠራል፤ አንዳንዱ መሣሪያውን በከረጢት ይዞ ወደ ባለቤቱ ቤት ይሄዳል። ወደ ቤት የሚሄደው ሠራተኛ ሥራው የሚከብደው፣ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ቤቱን፣ ደጁንና መንገዱንም አይቶ መፍረድ ስላለበት ነው። የሥራውም ተራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ይጠይቃል። ወንበሩ መቼ እንደ ተበላሸ፣ ወዴት እንደሚሄዱበት፣ ማን እንደሚገፋው ከባለቤቱ ይሰማል። ባለቤቱ ሕፃን ቢሆንም ቃሉን ከእናቱ ብቻ አይቀበልም፤ ልጁንም ይጠይቃል።

2ኛ፤ ይለካል። ወንበሩ ከሰውየው ወርድ እጅግ ከሰፋ ሰውየው ወደ አንድ ጐን ያዘነብላል፤ ከጠበበም ቆዳውን ይልጠዋል። እግር የሚያርፍበት ሳንቃ ከመሬት ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ በድንጋይ ተሰናክሎ ሰውየውን በግንባሩ ይደፋዋል።

3ኛ፤ ይመረምራል። ከመቀመጫው ጀምሮ ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ ኩሽኔታው፣ ከዚያም ወደ ፍሬኑና ወደ ቧንቧው መጋጠሚያ ይሄዳል። ቀለሙ የተሰነጠቀበትን ስፍራ በብርቱ ይመለከታል፤ ቧንቧው ከመሰበሩ በፊት የሚሰነጠቀው ቀለሙ ነውና።

4ኛ፤ ይጠግናል። የተሰበረ ቀጭን ቧንቧ እንዲሁ በላዩ ቢበየድ እሳቱ ያሳሳዋል፤ በአጠገቡም እንደ ገና ይሰበራል። ስለዚህ አስቀድሞ በውስጡ ሌላ ቀጭን ቧንቧ ወይም ዘንግ ያገባል፤ ከዚያም በኋላ ይበይደዋል። አሉሚኒየም የሆነውን ክፍል ግን ለብረት በሚሆን ብየዳ አይነካውም።

5ኛ፤ ይፈትናል፤ ያስተምራልም። ባለቤቱን በወንበሩ ላይ አስቀምጦ በደጁ ያስኬደዋል። ጎማ እንዴት እንደሚነፋ፣ ብሎን እንዴት እንደሚጠብቅ ለባለቤቱና ለቤተ ሰቡ ያሳያል። ይህን ሳያደርግ የሄደ ጠጋኝ ሥራውን አልጨረሰም።

6ኛ፤ ይጽፋል። ምን እንደ ተበላሸና በምን እንደ ተጠገነ በመዝገብ ያሰፍራል። በብዙ ወንበሮች ላይ አንድ ዓይነት ብልሽት ሲደጋገም፣ በደሉ የባለቤቱ ሳይሆን የሥሪቱ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ስለ ክራንችና ስለ ሰው ሠራሽ እግር

ክራንች ቀላል ዕቃ ቢመስልም ልክ አለው። ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቆም በክራንቹ ራስና በብብቱ መካከል ሦስት ጣት ያህል ክፍት ስፍራ መኖር አለበት። መያዣውም በእጁ አንጓ ልክ ሆኖ ክርኑ በጥቂቱ መታጠፍ ይገባዋል። ክብደቱን የሚሸከመው እጅ ነው እንጂ ብብት አይደለም፤ በብብት የሚንጠለጠል ሰው በዚያ የሚያልፈውን ጅማት ስለሚጫነው እጁ እየደነዘዘ ይሄዳል። ከታች ያለው የጎማ ጫማ ሲያልቅ ክራንቹ በእርጥብ ወለል ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ የክራንች የመጀመሪያ ጥገና ይህን ጎማ መለወጥ ነው፤ በታጣም ጊዜ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቈርጦና አጽንቶ ማሰር ለጊዜው ይጠቅማል።

ሰው ሠራሽ እግር ግን በመንደር የሚጠገን አይደለም። የእግሩ ጕረኖ፣ ማለት የተቈረጠው እግር የሚገባበት ስፍራ፣ በአንድ ሰው ልክ ብቻ የተሠራ ነውና በእሳት ማሞቅም ሆነ መፋቅ አይገባም። ያደገ ሰው እግሩን በየ3 እስከ 5 ዓመት ይለውጣል፤ ሕፃን ግን ስለሚያድግ በየ6 ወሩ ያህል ሊለወጥለት ያስፈልጋል። ልጅ በሰው ሠራሽ እግሩ ማነከስ በጀመረ ጊዜ ብዙ ሰዎች ሰነፈ ይሉታል፤ ምክንያቱ ግን እግሩ አጥሮበት ወይም ጠቦት ሊሆን ይችላል። መምህሩ ይህን ሲያይ ለወላጆቹ ነግሮ ወደ ማገገሚያ ማዕከል እንዲወስዱት ማድረግ ይገባዋል።

በትምህርት ቤት ሊደረግ የሚቻለው

በትምህርት ቤቱ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር እንኳ ቢኖር፣ መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ከተማሪዎቹ ጋራ ቢመረምረው ብዙ ብልሽት ይቀራል። ምርመራውም ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ጎማውን በአውራ ጣት መጫን፤ ከገባ አየር ጎድሎታል። ፍሬኑን ይዞ ወንበሩን መግፋት፤ ከተንቀሳቀሰ አስቀድሞ ጎማውን መንፋት፣ ከዚያም ፍሬኑን ማስተካከል። ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን በጣት መሞከር፤ የላላውን በመፍቻ ማጥበቅ። የፊቶቹን ትንንሽ ጎማዎች ማዞር፤ በዘንጋቸው ላይ የተጠመጠመውን ክርና ፀጕር ማውጣት። ትራሱን መመልከት፤ ከሳሳ ማደስ። በመጨረሻም ትቢያውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ብረቱን ማድረቅ። ለዚህ ሁሉ አንድ መፍቻ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ የጎማ መንፊያ፣ የጎማ ማጣበቂያና ጥቂት ግራሶ ይበቃል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚቀመጠው ተማሪም ሲመረመር ዝም ብሎ የሚመለከት መሆን የለበትም፤ መሣሪያው የርሱ ነውና መፍቻውን የሚይዘው እርሱ ይሁን።

ወንበሩ ተጠግኖ ሳለ የክፍሉ ደረጃ ከውጭ ያስቀረው እንደ ሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለ ደረጃ መወጣጫ የታወቀው ልክ ይህ ነው፤ ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። ደረጃው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን መወጣጫው 180 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ይሆናል። ይህን በድንጋይና በጭቃ፣ ቢቻልም በሲሚንቶ፣ የመንደሩ ሰዎች በአንድ ቀን ደቦ ሊሠሩት ይችላሉ። መምህሩም ለተማሪዎቹ የሒሳብ ትምህርት አድርጎ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሁሉ ቢያስለካቸው፣ ልጆቹ ቍጥር ለምን እንደሚጠቅም በዓይናቸው ያያሉ።

የሽማግሌዎች ድርሻ

ባገራችን ብረት የሚቀጠቅጥና ቆዳ የሚፍቅ ሰው በብዙ ስፍራ ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ያወጁት ይህ ንቀት አገርን ስለሚጐዳ ነው። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆንም፣ አንድ ብልህ ልጅ ብረት በያጅ እሆናለሁ ሲል ቤተ ሰቡ ፊቱን የሚያጠቍርበት ቤት አሁንም አይጠፋም። ሽማግሌዎች ይህን አሳብ በምክራቸው ሊለውጡት ይችላሉ። ለጎረቤቱ እግር የሚሆንለትን ሰው መናቅ አይገባምና።

ሁለተኛው ድርሻቸው በእድር በኩል ነው። እድር ለሐዘን ጊዜ ድንኳንና ወንበር ያኖራል። ከዚያው ዕቃ ቤት አንድ የጎማ መንፊያ፣ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማና ጥቂት ብሎን ቢያኖር ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚያስቀረው ችግር ግን ብዙ ነው። ቃሬዛ ለሟችና ለሕመምተኛ የሚዘጋጅ ከሆነ፣ ሊሠራና ሊማር ለሚችለው ለጤነኛው አካል ጉዳተኛ ጎማ ማዘጋጀት እንዴት ይከብዳል?

ሦስተኛውም ይህ ነው፤ በመንደሩ ካሉት ወጣቶች አንዱን መርጦ ከብስክሌት ጠጋኝ ወይም ከብረት በያጅ ዘንድ ሙያ እንዲማር ማድረግ። የሚመረጠውም ራሱ አካል ጉዳተኛ የሆነ ወጣት ቢሆን ይበልጥ መልካም ነው። ከላይ እንደ ተነገረው የዚህ መሣሪያ ታላላቅ ሠሪዎች በጉዳቱ ያለፉ ሰዎች ነበሩ፤ የወንበሩን ጉድለት ከተቀመጠበት ሰው ይልቅ የሚያውቀው የለምና።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ተሽከርካሪ ወንበር የርዳታ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሰው እግር ነው። እግር አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚረሳ ነገር አይደለም፤ ዘወትር ጥበቃ ይፈልጋል። በተክለ ሃይማኖት ሠፈር በሆስፒታሉና በገበያው መካከል የቆመው ጠጋኝ የሚሠራውን ሥራ፣ በባላገር መምህሩ፣ ሽማግሌውና የመንደሩ ብረት ሠራተኛ ተባብረው ሊሠሩት ይችላሉ። ይህ የሆነ እንደ ሆነ፣ ጎማው ትናንት ማታ የተነፈሰበት ልጅ ዛሬ ጧት ደወሉ ሲደወል ከጓደኞቹ ጋራ በክፍሉ ይገኛል። ያልሆነ እንደ ሆነ ግን፣ ስሙ ሲጠራ የሚመልስ የለም፤ የቀረበትም ምክንያት በመዝገቡ ላይ አይጻፍም።